የከሰል ካውያው

ጉለሌ፣ ጥቅምት 1975 ዓ.ም.

ውድ ካሣዬ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በዚህ ቃል ይጀመራል ተብለን ስላደግን ነው፤ ሌላ ነገር አትፈልግበት። ስለ ጤናህም አልጠይቅህም። ደህና መሆንህን፣ እንዲያውም ናዝሬት ተስማምቶህ መወፈርህን ሚስትህ ደሳለች ነግራናለች። የምጽፍልህ ባለፈው እሑድ ሚስትህ ከአዲሱ ገበያ በተሸካሚ አስይዛ ወደ ግቢያችን ስላስገባችው የቡታ ጋዝ ምድጃና ሲሊንደር ነው። ዕቃው አሁን በረንዳው ላይ ነው። ማድ ቤት አላስገባሁትም። ይህ ደብዳቤ ሳያልቅ ወይ ይገባል፣ ወይ በመጣበት አውቶቡስ ይመለሳል።

ሙኒያ ክረምቱን ሆስፒታል ተኝታ እንደወጣች ሰምተሃል። ያልሰማኸውን ልጨምርልህ። ሐኪሙ ወደ ጎን ጠርቶ «ሚስትህን አንድ ክረምት ጭስ ከደገማት አልጋ ላይ ነው የምትቀረው» ብሎኛል። ስለዚህ የምጽፍልህ ስለ ምድጃ ነው፣ ስለ ሌላም ነገር አይደለም። የምድጃው ጉዳይ ደግሞ አንተን ሳይነካ አያልፍም።

መጀመሪያ የምታውቀውን ላስታውስህ፤ እያወቅህ የረሳህ መምሰል ትችልበታለህ።

ከቁስቋም ዝቅ ብሎ ባለው ግቢ፣ በአንድ አጥርና በአንድ ቆጣሪ ስንኖር፣ የቆጣሪው ሳጥን የተሰቀለው በአንተ በረንዳ ግድግዳ ላይ ነበር። በውስጡ ሁለት የሸክላ ፊውዞች ነበሩ፤ አንዱ የእናንተ ቤት፣ አንዱ የእኛ። አንተ በረንዳውን ተደግፋ ባለችው ክፍል ልብስ ትሰፋለህ። እኔ ጠዋት ወጥቼ ፊዚክስ ሳስተምር ውዬ ማታ እመለሳለሁ። ሙኒያ ጓሮ ባለችው ማድ ቤት፣ አንድ በር እንጂ መስኮት በሌላት ጭቃ ቤት ውስጥ፣ ከእንጦጦ የሚወርደውን የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ታነዳለች። ሳሉ የጀመራት ያኔ ነው። ሐኪም ዘንድ ወስጃት «ሲጋራ ታጨሺያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። ሙኒያን! ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ሰውየው መልሱን ከዚያ አገኘ።

ከጭስ መውጣት ነበረባት። ያለው ምርጫ ጋዝ ወይም ኤሌክትሪክ ነው። እኔ ደግሞ እንደምታውቀኝ ሳላመዛዝን ዕቃ አልገዛም። ጋዝ ቶሎ ያበስላል፤ እሳቱን እንደፈለጉ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል፤ መብራት ጠፋ አልጠፋ ብሎ ሰው አያስጨንቅም። ግን ሲሊንደር አንድ ጊዜ ተገኝቶ ሌላ ጊዜ ይጠፋል፤ ያን ሁሉ ዳገት በሰው ጫንቃ ነው የሚወጣው። ከሁሉ በላይ ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈተለከ ወደ ላይ አይበንም፤ መሬት መሬቱን ተኝቶ ክብሪት ይጠብቃል። መስኮት የሌላት ማድ ቤት ለዚህ አትሆንም። ኤሌክትሪክ ይዘገያል፤ ግን ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፣ ተሸካሚ አይፈልግ። ኤሌክትሪክ አልኩ። ዛሬም መልሼ ባሰላው ያው መልስ ይወጣል። በስሌቱ ውስጥ ያላስገባሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንተን።

በረንዳህ ላይ ተቀምጠን ስነግርህ የመለስክልኝን አልረሳሁትም።

«መምህሩ፣» አልከኝ መርፌ በከንፈርህ እንደያዝክ፣ «አምፖል የሚያበራ ነገር ድንች ይቀቅላል?»

«ካውያህን የሚያግለው ምንድን ነው ታዲያ?»

«ካውያ ብረት ነዋ! ወጥ እኮ ውሃ ነው። ውሃና ኮረንቲ አገናኝተህ ሙኒያን ልትጨርሳት ነው?»

«ቡታ ጋዝ ልግዛላት?»

«እሱስ ቦምብ! ቦምብ እዚህ ግቢ እንዳታስገባ። ከሁለቱ ኮረንቲው ይሻላል፤ ቢያንስ የሚገድለው የናንተን ቤት ሰው ብቻ ነው።»

ደሳለች ከውስጥ ስትስቅ ተሰማኝ። እኔም ሳቅሁ። ያኔ መልካም ጎረቤት ነበርክ፤ ይህንን የምጽፈው ላመሰግንህ ሳይሆን ከየት እንደወረድክ እንድታየው ነው። ለአረፋ በዓል ለሙኒያ ያን አረንጓዴ ቀሚስ ሰፍተህ ዋጋውን እንቢ ያልከው አንተ ነህ። ደሳለችም ለእኛ ቤት ብላ ለብቻ የምታስቀምጣት፣ የእናንተ ሥጋ ነክቷት የማያውቅ ድስት ነበረቻት።

አሮጌው መስመር ካውያህንና ምድጃችንን አንድ ላይ እንደማይሸከም አስረዳሁህ። ተራ ገባን። ጠዋቱና ከሰዓት በኋላው ለካውያህ፣ ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ለምድጃዋ። «ያዝ እጄን» አልከኝ፤ ያዝኩህ። ከመርካቶ የሸክላ ምድጃ ገዝቼ መጣሁ፤ ጥቅልል ሽቦው ስላላማረኝ በሌላ ቀየርኩት። ሙኒያ የመጀመሪያውን ቀን ምስር ወጥ ሠርታ ለደሳለች በሳህን ላከችላት። ጥቂት ወራት ሳሉ እየራቃት ሄደ። ቅጠል ተሸካሚዎቹ በበራችን ሲያልፉ «ዛሬም አትገዢም?» ይሏታል፤ እሷ እየሳቀች በእጇ ታሳልፋቸዋለች።

ከዚያ መብራት መጥፋት ጀመረ።

«ዛሬም ጠፋ?» እላታለሁ ማታ ስገባ።

«ዛሬም። ልክ ሽንኩርቱን ስጥል።»

«አሁን እኮ አለ።»

«አመሻሽ ላይ መጣ።»

ሽሮው ጭስ ጭስ ሲለኝ «ከገበያ የገዛሁት ነው፤ ሲቆላ ጭስ ገብቶበታል» አለች። ሻሿ ሲሸተኝ «ደሳለች ጋ ቁጭ ብዬ ነው» አለች። እኔ መብራት ኃይል ቢሮ ሄድኩ። አንዴ አይደለም፤ በየጊዜው ሄድኩ። እዚያ ያለችው ወጣት ጸሐፊ በትሕትና «ጋሼ፣ በእርስዎ ሰፈር መስመር ላይ የጠፋ መብራት የለም» አለችኝ። «ሚስቴ ዋሸች ነው የምትይኝ?» ብዬ ጮኽኩባት፤ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጅቷ እንባዋ መጣ። ልክ የነበረችው እሷ ናት፣ ካሣዬ። ምንም ያላጠፋች ልጅ ላይ ያስጮኽከኝ አንተ ነህ። ይህንንም በአንተ ላይ ጽፌዋለሁ።

አምና ናዝሬት ሄደህ የልብስ ስፌት ማኅበሩን ስትይዝ ቀበሌው ክፍሎችህን ለኪነት ቡድኑ ሰጠ። ድምፅ ማጉያቸው ቀኑን ሙሉ በዚያው መስመር ይጮኻል፤ ምድጃውን ከሰካነው ጠቅላላው ግቢ ይጨልማል፤ ሳጥኑን የማይነካካ እጅ የለም። ሙኒያ ከጭሱ አልወጣችም። እኔም ነገሩን የአሮጌ መስመር ችግር አድርጌ ቆጠርኩት። እስከ እሑድ ድረስ እንዲህ ነበር የማውቀው።

እሑድ ደሳለች ስትገባ ሙኒያ እየተንገዳገደች ተነሥታ አቀፈቻት። ተሸካሚው ሲሊንደሩን አውርዶ ላቡን እየጠረገ ቆመ።

«ካሣዬ ነው የላከው፣ ጋሽ ፈድሉ» አለችኝ። «ሆስፒታል መግባቷን ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ የለው። በስንት ልመና ያገኘው መሰለዎ!»

«ቦምብ አይደለም እንዴ?»

«ኧረ እሱን ይርሱት! እኛም አሁን በሱ ነው የምናበስለው።» ሳቋን ጨርሳ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ያለፈውን ይተውልኝ በይልኝ ብሎኛል።»

«የቱን ያለፈ?»

ሙኒያ ደሳለችን አየቻት። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ፈተና ላይ አንዱ ተማሪ ሌላውን ዝም በል ሲለው እንዲያ ነው የሚያየው። ደሳለች ግን አላየቻትም።

«የፊውዙን ነዋ» አለች። ከዚያ የሁለታችንን ፊት አየችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ውይ በሞትኩት! አልነገርሻቸውም እንዴ?»

የቀረውን ከሁለቱም አንድ በአንድ አወጣሁት። ሙኒያ ታለቅሳለች፤ ደሳለች አንተን ለማዳን ትናገራለች፤ በተናገረች ቁጥር የባሰ ታሰጥምሃለች። ሁለቱ የነገሩኝን ገጣጥሜ መልሼ ልንገርህ፤ የተሳሳትኩት ካለ አርመኝ።

በ1970 በውይይት ክበቡ ካድሬው ምርት በእጥፍ አድጓል፣ ማለትም ሁለት መቶ በመቶ ጨምሯል ሲል ተነሥቼ «ጓድ፣ በእጥፍ ማደግና ሁለት መቶ በመቶ መጨመር አንድ አይደለም፤ ሁለት መቶ በመቶ ከጨመረ ሦስት እጥፍ ሆኗል» አልኩ። አንተ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ሆነህ፣ ጠመንጃህን አንግበህ በሩ ላይ ቆመሃል። በማግስቱ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ማድ ቤቱ በር ላይ መጣህ። ሙኒያ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«የባልሽ ስም ተነሥቷል» አልካት። «እኔ እያለሁ ግን ምንም አይሆንም፤ አይዞሽ።»

ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። አንተ ጎንበስ ብለህ አንሥተህ ሰጠሃት። ከዚያ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አስከተልክ።

«ያቺ ምድጃሽ ደግሞ ካውያዬን አላሠራ አለችኝ። የጓዶቹ ዩኒፎርም ለሰልፉ ይፈለጋል።»

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠህ ሄድክ። በመካከላቸው አንድ ቃል አላስገባህም። «ካለዚያ» አላልክም፣ «ስለዚህ» አላልክም። ሙኒያ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም፤ ግን መካከል ላይ የጎደለውን ቃል ራሷ ሞላችው። ተከትላህ ወጥታ «ንቀለው» አለችህ። «ለፈድሉ ግን እንዳትነግረው። ደሙ ሲፈላ ታውቀዋለህ።»

ነቀልከው። እኔ ትምህርት ቤት በምውልበት ቀን ሁሉ ጠዋት የእኛን ፊውዝ ነቅለህ ኪስህ ትከታለህ፤ እኔ ከመግባቴ በፊት መልሰህ ታስገባለህ። ካውያህ ይግላል። ሙኒያ ጓሮ ቅጠል ትለኩሳለች። የመስከረሙ ሰልፍ አለፈ፤ ዩኒፎርሙ ተለበሰ፤ ተቀደደም። ፊውዙ ግን ናዝሬት እስክትሄድ ድረስ ሲነቀል ኖረ። ከሰልፉ በኋላ ለነቀልክበት ምን ስም ትሰጠዋለህ? እኔ ብዙ ፈለግሁለት፤ በጨዋ ሰው ደብዳቤ ላይ የሚጻፍ አላገኘሁም።

ለብቻችን ቆጣሪ ለማስገባት የቀበሌው ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ያን ሰሞን አማልደኝ ብዬህ «እያየሁት ነው መምህሩ» እያልክ ለምን ስታመላልሰኝ እንደኖርክ አሁን ገባኝ።

አሁን ደግሞ ዋናውን ልበልህ። የከሰል ካውያ ነበረህ። ከአባትህ የወረስካት፣ ዶሮ የተቀረጸባት፣ ከባድዋ ካውያ። በረንዳህ ላይ የልብስ ስፌቱን በር ደግፋ ትይዝ ነበር። ስገባና ስወጣ እግሬን እየመታችኝ ስንት ጊዜ ተነጫነጭኩባት! ከሰል ሞልተህባት ስትተኩስ አንድም ቀን አላየሁህም። «የኋላ ቀር ዕቃ» ብለህ ነበር የጠራሃት። ካሣዬ፣ አንተ በከሰል መተኮስ ትችል ነበር፤ ሙኒያ ያለ ሳንባ መተንፈስ አትችልም። ምርጫው ይኸው ነበር። አንተ ለካውያህ ኮረንቲውን፣ ለሚስቴ ጭሱን መረጥክ።

ደሳለችን «ያ የከሰል ካውያ የት ደረሰ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አለ፣ ናዝሬትም በር ይይዛል» አለችና ልትስቅ ስትል ፊቴን አይታ ተወችው።

ስትሄድ ደጃፍ ድረስ ሸኘኋት። እዚያ ጋ ተቆጣች። ቁጣዋን አከብርላታለሁ፤ ሚስት ለባሏ እንዲህ ትቆጣለች።

«ጋሽ ፈድሉ፣ እርስዎ እኮ ዛሬ በእግርዎ የቆሙት በማን ሆነና! ስምዎ ሲነሣ ‹እሱን ተዉት፣ መጽሐፍ ያዞረው እብድ ነው› ብሎ ያስተዋቸው ማን ሆነና!»

አስቤበታለሁ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ያልተወሰድኩት በአንተ ቃል ይሁን፣ ወይም ሊወስደኝ ያሰበ ሰው ስላልነበረ፣ ዛሬ ማረጋገጫ የለኝም። ያላረጋገጥኩትን ደግሞ አላመሰግንም። ግን እውነት ነው እንበል። አድነኸኛል እንበል። ታዲያ በነፃ ልታድነኝ አትችልም ነበር? «እብድ ነው» ለማለት ስንት ዋት ይፈጃል? ያን ቃል ለመናገር የሚስቴ ምድጃ መጥፋት አልነበረበትም። ብታድነኝና ዝም ብትል፣ ዛሬ ናዝሬት ድረስ መጥቼ ጉልበትህን እስም ነበር። አንተ ግን አንዲት ሴት ስትፈራ አየህና ፍርሃቷ ለካውያህ እንደሚጠቅም ቶሎ ገባህ።

እስከዚህ የጻፍኩት ትናንት ነው። 

ዛሬ ጠዋት ሲሊንደሩን ወደ አውቶቡስ ተራ የሚያደርስልኝ ተሸካሚ ልጠራ ስነሣ ሙኒያን በረንዳው ላይ፣ ሲሊንደሩ አጠገብ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጋቢዋን እስከ ጆሮዋ ለብሳለች።

«ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ይመለሳል።»

«ምሳ በምን ልሥራ?»

«ኪነቶቹን አናግሬ ኤሌክትሪኩን…»

«ፈድሉ።» እጇን አነሣች፤ ሳሉ እስኪያልፍላት ጠበቅኋት። «ካሣዬ ኮረንቲው ይሻላል አለ፤ አንተ ኮረንቲ ገዛህ። ካሣዬ ነቀለ፤ አንተ መብራት ኃይል ሄደህ ተጣላህ። አሁን ካሣዬ ጋዝ ላከ፤ አንተ ልትመልስ ትሄዳለህ። እዚያ ማድ ቤት የምገባው ግን እኔ ነኝ። ማንኛችሁም ሽንኩርት ስትከትፉ አላየሁም። ጋዙ ይግባ።»

«ከሱ እጅ?»

«ከሰይጣን እጅስ ቢሆን!» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ጋዝ ሲያልቅ አለቀ ነው። ‹አለቀ› እልሃለሁ፤ እውነት ይሆናል። ስንት ዓመት ሙሉ ‹መብራት ጠፋ› ስልህ ወላሂ ከጭሱ የከፋው እሱ ነበር። መዋሸት ሰልችቶኛል።»

በክርክር የሚያሸንፈኝ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ተሸካሚውን ሳልጠራ ቀረሁ።

ጋዙ ገብቷል። እንዴት እንደገባ ልንገርህ፤ እንዲሁ ተቀብለን የተደሰትን እንዳይመስልህ። የማድ ቤቱን ግድግዳ ከታችና ከላይ በስቼ አየር መግቢያና መውጫ አወጣሁለት። ሲሊንደሩን ከምድጃው አርቄ፣ ቀጥ አድርጌ አቆምኩት። ከቀበሌው ሱቅ ያገኘነውን የወሩን ሳሙና በጥብጬ መጋጠሚያውን ሁሉ በአረፋ ቀባሁ፤ የሚነፋ አረፋ አልታየም፤ ስለዚህ አያፈተልክም። ሰዎች በክብሪት እንደሚፈትሹት አልፈተሽኩትም። ሙኒያ ለኮሰችው። ሰማያዊ ነበልባል ወጣ። ምስር ጣደችና በሩ ላይ ቆማ አየችው፤ አንዴም አላሳለችም። እኔ ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ።

ይህ ዕርቅ አይደለም። ምድጃ ነው። እንዳታደባልቃቸው።

አትምጣ። ሽማግሌ አትላክ፤ የምትልካቸውን ሽማግሎች በር ላይ ነው የምመልሳቸው። ሲሊንደሩ ሲያልቅ እኔው ወረፋ ይዤ አስሞላለሁ፤ ሁለተኛ እንዳትልክ። ሙኒያ ለደሳለች ሰላምታ አድርስልኝ ብላለች፤ አድርስ። የእኔ የለበትም።

የምፈልግብህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ጋዝ ያለበት ማድ ቤት በሩ ተዘግቶ አይበሰልበትም። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ደግሞ እየመታ ይዘጋዋል። ድንጋይ አስደገፍኩት፤ ተንከባለለ። ስለዚህ ያንን የከሰል ካውያ ላክልኝ። በደሳለች እጅ ሳይሆን በአውቶቡስ፣ በጆንያ ጠቅልለህ፣ በስሜ። የምትተኩስበት ቀን ሲመጣ አላየሁም፤ በር መያዝ ግን ያውቅበታል። ሙኒያ በምታበስልበት ሰዓት ሁሉ በሩን ክፍት አድርጎ ይይዝላታል፤ እኔም ሳልፍ እግሬን ሲመታኝ አንተን አስታውሳለሁ።

እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ።

ፈድሉ